ልጃችሁ የድመት ግልገል ይዞ ሲመጣ፦ ፀጉሯን ሳይሆን ንክሻዋን ፍሩ



ማሽላው ተወቅቶ ቤት ሲገባ አይጡም አብሮ ይገባል። ይህን የቆቦና የራያ ቆላ ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ድመት ትፈለጋለች። ልጆች ደግሞ ሳትፈለግም ያመጧታል፤ ከቦይ ዳር፣ ከገበያው ጥግ፣ ከፈረሰ ግድግዳ ሥር እናቷ የጠፋባትን የድመት ግልገል በሹራባቸው ጠቅልለው ከች ይላሉ። ከዚያ በየቤቱ ተመሳሳይ ክርክር ይነሳል። ልጅ ያለቅሳል፣ እናት "ፀጉሯ ሆድህ ገብቶ ይገድልሃል፣ አውጣት!" ትላለች፣ አባት "ለአይጡ ትሁን፣ ተዋት" ይላል። ብዙ ጊዜ ግልገሏ ትቀራለች፤ ስትቀር ግን ያለ ምንም ጥንቃቄ ነው።

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ስለ ድመት የምጽፈው ከድመት የመጣ ችግር ይዘው የሚመጡ ልጆችን ስለማይ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ግልገሏን አውጥታችሁ አትጣሏት። ነገር ግን የምንፈራው ነገር ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል። ማስፈራት የሌለበትን እየፈራን፣ ልጅ ሊገድል የሚችለውን "ትንሽ ጭረት ናት" ብለን እናልፋለን።

ከፀጉሩ ልጀምር። የተዋጠ የድመት ፀጉር ጨጓራ ላይ ተጣብቆ አይቀርም፣ ትል አይሆንም፣ ሴት ልጅን መካን አያደርግም። ከምግብ ጋር ይወጣል። አስም ላለበት ልጅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ድመት ባለችበት ቤት የሚያስነጥሰው፣ ዓይኑ የሚያሳክከው ወይም ሌሊት ሌሊት የሚያፍነው ልጅ አለርጂ ሊኖረው ይችላል። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው በድመቷ ምራቅና ቆዳ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ፀጉሩ ተሸካሚ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ድመቷ መኝታ ቤት አትግባ፤ ሐኪምም ያየው። የፀጉሩ ጉዳይ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ንክሻው። እዚህ ላይ እንድትቆዩልኝ እፈልጋለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ አሳስቶናል። ስሙ ውሻ ስለሚል ድመት የነከሰችው ልጅ ቤቱ ይቀመጣል። እውነት ነው፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ ነው። ነገር ግን ድመትም ትያዛለች፣ ከተያዘችም በንክሻዋ ታስተላልፋለች። ከመንገድ የተነሳች ግልገል ደግሞ ከየት እንደመጣች፣ እናቷ በምን እንደሞተች፣ ማን እንደነከሳት የሚያውቅ የለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ብዙ ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚቆይ ሰው "ይኸው ምንም አልሆነም" ብሎ ይረሳዋል።

ግልገል ትንሽ ስለሆነች ንክሻዋ ንክሻ አይመስልም። ጥርሷ መርፌ ነው፤ ላይ ላዩን ነጥብ ታያላችሁ፣ ውስጡ ግን ጥልቅ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከተነከሰ ወይም ደም እስኪወጣው ከተቧጨረ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ቧንቧ ከሌለ በጀሪካን ወይም በጣሳ እያፈሰሳችሁ እጠቡ። በርበሬ፣ ፌጦ፣ ቡና፣ አመድ፣ የቅጠል ጭማቂ ቁስሉ ላይ አታድርጉ። አጥብቃችሁም አትሰሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ቁስሉን አይቶ የሚወስነው ባለሙያው ነው። የቴታነስ ክትባትም አብሮ ይታያል።

ጠበል የምትሄዱ ቤተሰቦች አላችሁ፤ እምነታችሁን አከብራለሁ። ሂዱ። ግን መጀመሪያ ሳሙናና ውኃ፣ ከዚያ ክትባት፣ ከዚያ ጠበል። ሁለቱ አይጣሉም። የሚያጣላቸው መዘግየት ነው።

ክትባቱን የምትፈሩበት ምክንያት ይገባኛል። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውና ለብዙ ተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋው ነበር። አያቶቻችሁ የሚያወሩት እሱን ነው። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ፣ በትናንሽ ልጆች ደግሞ ጭን ላይ የሚወጋ ነው። የመጀመሪያው በዕለቱ፣ ቀጣዮቹ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን፣ ከዚያም ባለሙያው በሚነግራችሁ ቀን ይሰጣል። እርጉዝ ሴትም የምታጠባ እናትም መከተብ ትችላለች። ክትባቱ በሁሉም ቦታ ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ በአቅራቢያችሁ ከሌለ "የለም" ተብላችሁ ቤት አትመለሱ፤ ወልድያም ቢሆን የት እንደሚገኝ አስደውላችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። የመኪና ዋጋ አስወጥቶ "ምንም አይደለም" ቢባል እንኳን የከሰራችሁት የመኪናውን ብቻ ነው።

ግልገሏንስ? አትግደሏት፤ አርቃችሁም አትጣሏት። በተቻለ መጠን ቋጠሮ ሳትሆን በሰፊ ካርቶን ወይም በአንድ ክፍል ዘግታችሁ፣ ሳትነኩ፣ ለ10 ቀን ተከታተሏት። ከነከሰች በኋላ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ጊዜ በሽታውን አታስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቆመው ይችላል። ምራቋ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃታት፣ እግሯ ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት መናከስ ከጀመረች ወይም ከሞተች ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪምና ልጁን ለሚያክመው ሰው ንገሩ። ከጠፋች ደግሞ እንደ ታመመች ተቆጥሮ ክትባቱ ይጨረሳል። ክትባቱን ለመጀመር ግን 10 ቀኑ እስኪያልፍ አትጠብቁ።

በዚህ ጉዳይ ወላጆችን የምወቅስበት አንድ ነገር አለ፤ አትቀየሙኝ። ልጅ የሚደብቀው ስለሚመታ ነው። "አትንካት ብዬህ አልነበር?" ብላችሁ ከመታችሁት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነከስ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይተኛል። ቁጣችሁን ለሌላ ቀን አቆዩት። ልጁን "ብትነክስህ ቶሎ ንገረኝ፣ አልቆጣህም" በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። እኔ ከማዝዘው ከማንኛውም መድኃኒት ይህ ቃል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላ፣ ጭረትና ንክሻ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ያመጣሉ። የመጀመሪያው ተራ የቁስል ኢንፌክሽን ነው። በድመት ጥርስ የተወጋ እጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያብጥ፣ ሊቀላና ሊጠዘጥዝ ይችላል። ጣት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ሳትቆዩ ታከሙ፤ ቤት ያለ የተረፈ አሞክሳሲሊን አትጀምሩ፣ ለድመት ንክሻ የሚመረጠው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነው። ግልገሏ እጁን የቧጨረችው ልጅ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ብብቱ ሥር ወይም አንገቱ ላይ ንፍፊት ያወጣል፤ አንዳንዴ ትኩሳትና ድካምም አለው። ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ከድመት ወደ ድመት የሚያዛምተው ቁንጫ ነው፣ ወደ ልጁ የሚገባው ደግሞ በቁንጫው ዓይነ ምድር የቆሸሸ ጥፍር ሲቧጭረው ነው። ከትልልቅ ድመቶች ይልቅ ግልገሎች በብዛት ይይዙታል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ታዲያ ለምን ላስቸግራችሁ? በአገራችን የአንገትና የብብት እጢ ሲያብጥ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው የሳንባ ነቀርሳ ወንድም የሆነውን የእጢ ነቀርሳ ነው፤ ማሰቡም ልክ ነው፣ ብዙ አለና። ነገር ግን "ቤት ውስጥ አዲስ ድመት ገብታለች፣ ቧጭራዋለች" ብላችሁ ካልነገራችሁን እኛ ከግንባራችሁ አናነብም። ንገሩን። በተቃራኒው ደግሞ "ከድመቷ ነው" ብላችሁ የማይጠፋ እጢ ይዛችሁ ወራት አትቀመጡ። እጢውን በባህላዊ መንገድ ማስተኮስና ማስበጣት በፍጹም አይሆንም።

ወደ ትሉ እንሂድ። ከመንገድ የተነሳች ግልገል ሆዷ ተነፍቶ፣ ጎኗ ሟሽሾ ካያችሁ ትል አለባት ማለት ይቻላል። ቶክሶካራ የሚባለው ትል በእናቷ ጡት ወተት ሳይቀር ይተላለፍባታል። እንቁላሉ ከሰገራዋ ጋር ይወጣል። እንደወጣ ሰው አይዝም፤ አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ሰገራዋን በየቀኑ ማንሳት ግማሽ መድኃኒት ነው። ድመት ሰገራዋን ቀብራ የምትሄደው አፈር ወይም አመድ ላይ ነው፤ የሚድኸው ልጃችሁም የሚጫወተው እዚያው ነው። እንቁላሉን የዋጠ ልጅ ሆዱ ውስጥ ትል አያድግበትም፤ እጩ በጉበቱና በሳንባው ይዞራል፣ አልፎ አልፎ ዓይን ውስጥ ገብቶ የአንዱን ዓይን ብርሃን ይጎዳል። አፈር የሚበላ ልጅ ሳሉ ቢበዛው፣ ትኩሳት ቢመላለስበት ወይም አንድ ዓይኑ ቢሸወረርና ቢደክም አሳዩት።

እዚህ ጋ ድመቷን ነጻ ላውጣት። የልጃችሁ ወስፋት ከእሷ አይደለም። ወስፋት የሚመጣው ከሰው ሰገራ ነው፤ መፍትሔውም መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠብ ነው። ኮሶም ከጥሬ ሥጋ ነው። ከድመት የሚመጣ ኮሶ መሰል ትል አለ፤ ፊንጢጣዋ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። ልጅ የሚይዘው ግን ቁንጫውን ራሱን ከዋጠ ነው። በልጁ ሰገራ ላይ ካያችሁት ለሐኪም አሳዩ፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ቶክሶፕላዝማ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ትደነግጣላችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአዲስ አበባ የጎዳና ድመቶች ጥናት፣ አብዛኞቹ ድመቶች በዚህ ጥገኛ ተውሳክ ተይዘው እንደሚያውቁ፣ በምርመራው ጊዜ በሰገራቸው ሲጥሉት የተገኙት ግን ጥቂቶቹ መሆናቸውን አሳይቷል። ድመት የምትጥለው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ለ1 ወይም 2 ሳምንት ያህል ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ማደን በምትጀምርበት በግልገልነቷ ነው። የወጣው ደግሞ ለመያዝ ቢያንስ 1 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰገራዋን በየቀኑ ሌላ ሰው ያንሳ። ሌላ ሰው ከሌለ እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍናችሁ አንሱ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ጓሮ ስትቆፍሩም እንዲሁ። ከድመቷ ይልቅ የምሰጋላችሁ ግን ለጥሬ ሥጋው ነው። ቁርጥና ያልበሰለ ክትፎ እየበሉ ድመት ማባረር ትርጉም የለውም። ጽንስ የወረደባትን እናትም "ድመቷ ናት ያስወረደችሽ" አትበሏት፤ አብዛኛው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርድ ጽንስ ምክንያቱ ይህ አይደለም፣ የእሷም ጥፋት አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ደግሞ ኮትሪሞክሳዞል ታዞላችሁ ከሆነ ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጡት፤ ከሚከላከላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አሁን በእኛ አካባቢ በጣም ወደሚያሰጋኝ ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም ቁንጫው ሳይሆን የቁንጫው "መድኃኒት" ነው።

ቆቦ ሞቃት ናት፣ ቁንጫ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ግልገሏ በገባች በሳምንቱ የልጆች እግር ላይ በመስመር የተደረደሩ የሚያሳክኩ እብጠቶች ይታያሉ። "አለርጂ ነው" ይባላል፤ ሲታከክ ይቆስላል፣ ይመግላል። ግልገሏም ራሷ በቁንጫ ብዛት ደሟ አልቆ ልትሞት ትችላለች፤ ድዷን ግልጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ነጭ ከሆነ ደም አንሷታል።

የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖ ባለበት አገር ፀረ ተባይ በየቤቱ አለ። ሰው ከእርሻው የተረፈውን ማላታዮን ወይም ዳያዚኖን በውኃ በጥብጦ ድመቷን ይነክራል፣ መደቡ ላይ ይረጫል፣ አልፎ ተርፎ ለቅማል ብሎ የልጅ ራስ ላይ ይቀባል። እባካችሁ! እነዚህ ኬሚካሎች በቆዳ ይገባሉ። ልጅ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ካላበው፣ ካስታወከው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበና መተንፈስ ካቃተው ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን በሳሙና አጥባችሁ ሩጡ። የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ ለእኛ ትልቅ መረጃ ነው። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲንም በግምት ለግልገል አትስጡ፣ ይገድላታል። ለራሳችሁ የምትውጡት ፓራሲታሞል እንኳን ለድመት መርዝ ነው።

ታዲያ ቁንጫው በምን ይጥፋ? አብዛኛው እንቁላልና እጭ ያለው ድመቷ ላይ ሳይሆን ወለሉ፣ ምንጣፉና ጆንያው ውስጥ ነው። የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ እጠቡ፣ ምንጣፉን አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ የወለሉን ስንጥቅ ድፈኑና በየቀኑ ጥረጉ። ከአንድ ወር በላይ የሆናትና ጠንካራ የሆነችውን ግልገል ለብ ባለ ውኃና በገላ ሳሙና እጠቧት። ከአንገቷ ጀምሩ፣ አለበለዚያ ቁንጫው ወደ ራሷና ጆሮዋ ይሸሻል። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ አድርቋት። በጣም ትንሿንና የደከመችውን አትጠቡ፤ ብርዱ ይገድላታል። በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ልቀሙላት።

ድመቷን አታባርሩ የምለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ድመት የሌለበት ቤት አይጡን በምን ይከላከላል? በአይጥ መርዝ ወይም እህል ውስጥ በሚከተት ፎስቶክሲን። ይህ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ የለውም። ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ እህል ከሚቀመጥ፣ ትሏ የታከመላት ድመት ብትተኛ እመርጣለሁ።

የቆዳውን በአጭሩ። ግልገሏ ፀጉሯ ክብ ክብ ሆኖ ከተመለጠ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ ወደ ልጅም ይተላለፋል። የራስ ቅል ጭርት ቅባት ብቻ አያድነውም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ከፋርማሲ የሚገዛ የቤታሜታሶን ቅባት ደግሞ ያባብሰዋል። እከክ ከሆነ፣ የድመቷ እከክ ሰውን ለጊዜው ያሳክካል እንጂ በሰው ላይ አይራባም። መላው ቤተሰብ ሌሊት ሌሊት የሚያክክ ከሆነ ያ የሰው እከክ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን እንደ ወረርሽኝ የተዛመተው ዓይነት። ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ቀን ካልታከመ አይለቅም።

ስለ ግልገሏ አያያዝ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምርና ላብቃ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመኝታና ከምግብ ቦታ ራቅ ያለ የራሷ ጥግ ይኑራት። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይያዛት። የላም ወተት ተቅማጥ ያመጣባታል፣ ተቅማጥ ደግሞ ይገድላታል፤ ጥርስ ያወጣች ከሆነ በደንብ የበሰለ ሥጋ ወይም እንቁላል አድቅቃችሁ ስጧት። ቀዝቅዛ ከሆነ ከመብላቷ በፊት አሙቋት። ዓይኗ በመግል ከተጣበቀ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በነከራችሁት ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉላት፤ የሚያስነጥሳት ጉንፋንዋ ወደ ልጆቻችሁ አይተላለፍም።

ከዚያ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። በሬና ፍየል በተሰለፈበት ድመት ይዞ መቆም ያሳፍራል፣ ሰውም ይስቃል፤ ይሳቅ። የትል መድኃኒቱን እንደ ክብደቷ ይስጧት፤ አንድ ጊዜ ስለማይበቃ መቼ እንደምትመለሱ ጠይቁ። 3 ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወጋለች፣ ከዚያም ባለሙያው በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል። ውሻም ካላችሁ በዚያው ቀን አብራችሁ ውሰዱት፤ የተወጉበትንም ወረቀት ከልጆቻችሁ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።